ክትፎና የወይን ጠጅ በአንድ ገበታ፦ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ነጋዴዎች የሚጠቅም ማብራሪያ

የመስቀል በዓል በተቃረበ ቁጥር በየከተማው ተበታትኖ የሚነግደውና የሚሠራው የጉራጌ ተወላጅ ወደ ትውልድ አገሩ ይገባል። በዚህን ጊዜ የወልቂጤና የቡታጅራ ገበያ ይደምቃል፤ ባለሱቁም ባለሆቴሉም በዓመት ውስጥ ከፍ ያለ ሽያጭ የሚጠብቀው በእነዚህ ቀናት ነው። ብዙዎቹ ነጋዴዎች ከቢራውና ከአረቄው ጋር ጥቂት ካርቶን የወይን ጠጅ ያስገባሉ። ከበዓሉ በኋላ ሒሳብ ሲመረመር ግን ቢራው አልቆ የወይን ጠጁ ከነአቧራው በመደርደሪያ ላይ ተሰልፎ ይገኛል፤ በውስጡም የነጋዴው ገንዘብ ታስሮ ይቀራል።

ለዚህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የመጠጡ መጥፎነት አይደለም። ደንበኛው ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ ጐርሶ ወዲያው ደረቅ ቀይ የወይን ጠጅ ይጐነጫል፤ አፉ ይቃጠላል፥ ምላሱም ይያዛል፤ «ይህስ ተበላሽቷል» ብሎ ብርጭቆውን ይገፋል። ጠርሙሱ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ይወቀሳል፤ ደንበኛውም ዳግመኛ አያዝም። እንግዲህ የትኛው የወይን ጠጅ ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማማ ማወቅ ለቅንጦት ሳይሆን ለንግድ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

በአገር ውስጥ የሚገኘው የወይን ጠጅ

የኢትዮጵያ የወይን ጠጅ ኢንዱስትሪ በሁለት ስሞች ይበልጥ ይታወቃል። የመጀመሪያው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተው አዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ሲሆን፥ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ይዞታ ሥር ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ባለሀብቶች ተላልፏል። ጉደር የተባለው ቀዩ፥ አዋሽ ክሪስታል የተባለው ነጩ፥ አክሱማይት የተባለው ጣፋጩ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ የለመዳቸው መጠጦች ናቸው።

ሁለተኛው በዝዋይ፥ ማለት በዛሬዋ ባቱ ከተማ አጠገብ፥ የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ያቋቋመው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከፈረንሳይ የመጣ የወይን ችግኝ በስምጥ ሸለቆው አሸዋማ መሬት ላይ ተተክሎ፥ እ.ኤ.አ. በ2014 ምርቱ ለገበያ ቀረበ። ሪፍት ቫሊ በሚለው ስም ካበርኔ ሶቪኞን፥ ሜርሎ፥ ሲራና ሻርዶኔ የተባሉ የወይን ዘሮች በየራሳቸው ተጠምቀው ታሽገዋል፤ አካሺያ በሚለው ስም ደግሞ ደረቅና ለስለስ ብለው የሚጣፍጡ ዓይነቶች ወጥተዋል። ዝዋይ ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፥ የቡታጅራ ነጋዴ የወይን ጠጅን እንደ ባሕር ማዶ ዕቃ ሊቈጥረው አይገባም፤ የጎረቤት ምርት ነው።

ጠጅ ያስተማረው ሕግ

ምግብና መጠጥን ማስማማት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ክትፎ ከጠጅ ጋር ተስማምቶ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለምና። የማሩ ጣፋጭነት የሚጥሚጣውን ቃጠሎ ያበርዳል፤ የጌሾው ምሬት ደግሞ የቅቤውን ቅባት ከምላስ ላይ ያነሣል። የወይን ጠጅም የሚመረጠው በዚሁ ሕግ ነው፤ የሚለየው የነገሮቹ ስም ብቻ ነው።

በወይን ጠጅ ውስጥ ነጋዴው ሊያስተውላቸው የሚገቡ አራት ጠባዮች አሉ። አንደኛው ኮምጣጣነት ነው፤ ይህ ቅባትን ይቈርጣል። ሁለተኛው ጣፋጭነት ነው፤ በጥንስሱ ጊዜ የወይኑ ስኳር ሁሉ ወደ አልኮል ከተለወጠ መጠጡ «ደረቅ» ይባላል፥ ጥቂት ስኳር ከቀረበት ደግሞ ለስላሳና ጣፋጭ ይሆናል። ሦስተኛው ታኒን የሚባለው ሲሆን ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣና ልክ እንደ ወፍራም ሻይ አፍ የሚይዝ ነው፤ በቀዩ ይበዛል፥ በነጩ ያንሳል። አራተኛው አልኮሉ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 12 እስከ 14 ይደርሳል።

በእነዚህ ላይ ምግቡ የሚያደርገው ለውጥ እንደሚከተለው ነው። የሥጋ ቅባትና ሥጋው ራሱ ታኒንን ያለዝቡታል። በርበሬና ሚጥሚጣ ግን በተቃራኒው ታኒኑን ያሻክሩታል፤ አልኮሉም የቃጠሎውን ስሜት ያጐላዋል። ጣፋጭነት ቃጠሎን ያበርዳል። ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ ከእርሱ ያላነሰ ኮምጣጣ መጠጥ ይፈልጋል፤ አለዚያ መጠጡ ውኃ ውኃ ይላል።

የክትፎ ገበታ

ክትፎ በአንድ ጣባ ውስጥ እነዚህን ጠባዮች ሁሉ አጣምሮ የሚቀርብ ምግብ ነው። ቀይ ሥጋው ደረቅ ቀይ የወይን ጠጅን ይጠራል፤ ንጥር ቅቤው ኮምጣጣነት ያለውን ይሻል፤ ሚጥሚጣው ግን ደረቁን ቀይ ያባርራል። ስለዚህ ነገሩን የሚወስነው የሚጥሚጣው መጠን ነው። ሚጥሚጣው ለዘብ ላለ ክትፎ፥ በተለይም ለብለብ ለተደረገው፥ ሜርሎን የመሰለ ታኒኑ የማይከብድ ደረቅ ቀይ ይስማማዋል። ሚጥሚጣው ለጠነከረ ክትፎ ግን ለስለስ ያለው ጣፋጭ ቀይ፥ ጥቂት ቀዝቀዝ ተደርጎ ቢቀርብ ይሻላል። አሳላፊውም ትእዛዝ ሲቀበል «ሚጥሚጣው ጠንከር ይበልልዎ ወይስ ለዘብ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የትኛውን ጠርሙስ እንደሚከፍት ከመልሱ ይረዳል።

ከክትፎው ጋር የሚቀርበው ቆጮ ጕድጓድ ውስጥ ቆይቶ የበሰለ ስለሆነ ኮምጣጣ ነው፤ አይቡም እንደዚሁ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት አለው። ለሁለቱም ነጭ ወይም ሮዜ የወይን ጠጅ ይስማማቸዋል። አይብ ሌላም ጥቅም አለው፤ በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለው ንጥረ ነገር የሚጥሚጣውን ቃጠሎ ከምላስ ላይ ያነሣዋልና፥ በክትፎና በወይን ጠጅ መካከል አስታራቂ ሆኖ ያገለግላል። ጎመን ግን በራሱ ጥቂት ምሬት ስላለው ታኒኑ ከበረታ ቀይ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ምሬቶች ይደራረባሉ። ጎመን በአይብ ከተለወሰ በኋላ ሮዜ ቢቀርብለት የተሻለ ነው።

ሚጥሚጣ ያልገባበት የበሬ ጥብስ ለካበርኔ ሶቪኞንና ለሲራ እጅግ የተመቸ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ ተጠብሶ ሎሚ ሲጨመቅበት ከሻርዶኔ ጋር ይስማማል። ዶሮ ወጥ በርበሬው ስለሚበዛ እንደ ጠንካራ ክትፎ ተቈጥሮ ለስለስ ያለው ጣፋጭ ሊቀርብለት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት መታረም አለበት። አረቄም ሆነ የወይን ጠጅ በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል አይገድልም። በሐኪም የተመረመረ የቄራ ሥጋ መግዛት አደጋውን ይቀንሳል፤ ይበልጥ የሚጠብቀው ግን ሥጋውን በሚገባ ማብሰል ነው።

የማጣጣሚያ እራት አዘገጃጀት

አንድ ባለሆቴል ደንበኞቹን ከወይን ጠጅ ጋር ለማስተዋወቅ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ የማጣጣሚያ እራት ማዘጋጀት ነው። ወጪውም እንደሚፈራው አይደለም። አንድ ጠርሙስ 75 ሳንቲ ሊትር ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ 7.5 ሳንቲ ሊትር ቢቀዳ ለአሥር ሰው ይበቃል። ስለዚህ ለአሥር እንግዶች አምስት ዓይነት የወይን ጠጅ ለማቅረብ አምስት ጠርሙስ ብቻ ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፥ ከነጩ ወደ ቀዩ፥ ከደረቁ ወደ ጣፋጩ ይሁን። በመጀመሪያ ቆሮሶ ጥብስ ከሻርዶኔ ጋር፤ ሁለተኛ ጎመን በአይብና ቆጮ ከሮዜ ጋር፤ ሦስተኛ የበሬ ጥብስ ከካበርኔ ሶቪኞን ጋር ይቀርባል። ክትፎው አራተኛ ሆኖ መምጣቱ በምክንያት ነው፤ ሚጥሚጣ ምላስን አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ የሚቀርበው ረቂቅ ጣዕም ሁሉ ይጠፋልና። በአምስተኛ ከቡና በፊት ቆሎና ኦቾሎኒ ከአክሱማይት ጋር ቢሰጥ እራቱ ባማረ ሁኔታ ይፈጸማል።

አራተኛው ተራ የእራቱ ዋነኛ ትምህርት ነው። እንግዶቹ ከካበርኔው ጥቂት አስተርፈው እንዲቈዩ ይነገራቸው፤ በአጠገቡም ለስለስ ያለው ጣፋጭ ቀይ ይቀዳላቸው። መጀመሪያ ሚጥሚጣ ከሌለበት ክትፎ አንድ ማንኪያ ቀምሰው ካበርኔውን ይጐንጩ፤ ይጥማቸዋል። ቀጥሎ ሚጥሚጣ ካለበት ቀምሰው ያንኑ ካበርኔ ይጐንጩ፤ ይሻክራቸዋል። ከዚያም ጣፋጩን ቀይ ሲቀምሱ ቃጠሎው ሲበርድላቸው ልዩነቱን በራሳቸው ምላስ ያረጋግጣሉ። በዚህ ዓይነት የተማረ ደንበኛ ወደፊት «ተበላሽቷል» አይልም፤ የሚስማማውን ለይቶ ያዛል።

ባለሆቴሉ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። አምስቱ ቅጂዎች ተደምረው ለአንድ ሰው ግማሽ ጠርሙስ ይሆናሉ፤ የአልኮሉም መጠን ወደ ሦስት ጠርሙስ ቢራ ይጠጋል። ስለዚህ በየመካከሉ ውኃ ይቅረብ፤ መኪና የሚነዳ እንግዳም እንዳይጠጣ ወይም የሚያደርሰው ሌላ ሰው እንዲኖር አስቀድሞ ይታሰብ።

ስለ ልዩ ልዩ ደንበኞችና ስለ ሕግ

በወልቂጤና በቡታጅራ የእስልምናና የክርስትና ተከታዮች ጎን ለጎን የሚኖሩና በአንድ ገበያ የሚነግዱ ናቸው። ስለሆነም ብርጭቆ በእያንዳንዱ እንግዳ ፊት ሳይጠይቁ መደርደር አይገባም። አልኮል ለማይጠጣው እንግዳ በዕለቱ የተበጠበጠ የማር ብርዝ ይቅረብለት፤ ብርዝ ሲያድር መፍላት ስለሚጀምር የቈየው አይቀርብም። ቃጠሎን የማብረዱ ሥራ በብርዝም እንደ ጠጁ ይፈጸማል። የእራቱ ቀን ሲወሰን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፥ እንዲሁም አጽዋማት እንዳይሆን ቀን መቁጠሪያ መመልከት ያስፈልጋል።

ሕግን በተመለከተ፥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ያግዳል። እንግዲህ ነጋዴው መጠጡን የሚያስተዋውቀው በጩኸት ሳይሆን ደንበኛውን በሚገባ በማስተናገድ ነው።

ስለ አቀማመጥ

የወይን ጠጅ እንደ አረቄ አይደለም፤ ሕይወት እንዳለው ነገር ይለወጣል። ብርሃንና ሙቀት ያበላሹታል፤ በመስኮት ፊት ለጌጥ የተደረደረ ጠርሙስ ከጥቂት ወራት በኋላ ጣዕሙ ይሞታል። በቡሽ የተዘጋው ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ በጐኑ ይጋደም፤ ከላምባና ከጠንካራ ቅመማ ቅመም ይራቅ። ካርቶኖቹ ሲገቡ የመጡበት ቀን ይጻፍባቸው፤ አስቀድሞ የገባውም አስቀድሞ ይሸጥ። ሲቀርብ ነጩና ሮዜው ከ8 እስከ 12፥ ቀዩ ደግሞ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው።

በብርጭቆ የሚሸጥ ሆቴል ደግሞ ስሌቱን ይወቅ። ከአንድ ጠርሙስ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሊትር የሚይዝ አምስት ብርጭቆ ይወጣል። የተከፈተ ጠርሙስ ቡሹ ተመልሶለት በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያህል ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኮምጣጤነት ያዘነብላል። አንድ ብርጭቆ ሸጦ አራቱን ያጣ ነጋዴ የጠርሙሱን አራት አምስተኛ አፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዓይነት በላይ አለመክፈት ይበጃል፤ ለክትፎ ቤት ለስለስ ያለው ጣፋጭ ቀይና አንድ ደረቅ ቀይ ይበቁታል።

በአጠቃላይ ሲታይ ክትፎውን የሚያዘጋጀው እጅ በጉራጌ አገር አለ፤ የወይን ጠጁም ከቡታጅራ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ በዝዋይ ተጠምቋል። ሁለቱን በአንድ ገበታ ላይ ማገናኘት የነጋዴው ድርሻ ነው። ከመጪው መስቀል በፊት አሥር ደንበኞችን ጠርቶ አምስት ጠርሙስ የሚከፍት ባለሆቴል፥ ከበዓሉ በኋላ አቧራ የለበሰ ካርቶን ከመቍጠር ይድናል።