በ1952 ማራቶኑን ማን አሸነፈ?

«በ1952 የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ማን ነው?» ብለው በስልክዎ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢጠይቁት፣ «ኤሚል ዛቶፔክ፣ ከቼኮዝሎቫኪያ፣ በሄልሲንኪ» ሊልዎ ይችላል። ውሸት የለበትም። እርስዎ ግን ያሰቡት ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውን አበበ ቢቂላን ነው። እሱ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈረንጆቹ ያን ቀን የመዘገቡት ሴፕቴምበር 10፣ 1960 ብለው ነው። በእነሱም 1952 ኦሎምፒክ ነበር፣ ማራቶንም ነበር፤ ስለዚህ ማሽኑ የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም።

የቋንቋ ሞዴል የሚማረው እስከ አንድ ቀን ድረስ ከተከማቸ ጽሑፍ ነው። የትናንት ማታውን ጨዋታ አያውቅም፤ የድሮውንም ቢሆን ቁጥሩን ሊያምታታው ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች ከስፖርት መረጃ ቋት የሚፈልግ መሣሪያ ያያይዙለታል፤ እንዲህ መሣሪያ እያነሣ የሚሠራውን ኤጀንት ይሉታል። ቋቱን ግን ሞዴሉ ራሱ አይከፍተውም። ነገሩ እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው፦ ቅጽ ሞልተው በመስኮት ይሰጣሉ፣ ሠራተኛው ፋይሉን ፈልጎ ያመጣል፣ እርስዎ ውስጥ አይገቡም። ሞዴሉም «ውድድር፦ ኦሎምፒክ፤ ስፖርት፦ ማራቶን፤ ዓመት፦ 1952» የሚል አጭር ቅጽ ይጽፋል። አንድ ተራ ፕሮግራም ይቀበለውና ይፈልጋል፣ ያገኘውን ለሞዴሉ ይመልስለታል፤ ሞዴሉ ያን አንብቦ መልሱን ለእርስዎ ያዘጋጃል።

ቅጹ እንዴት እንደሚሞላ የሚያውቀው ከመግለጫው ነው። የመሣሪያው ስም፣ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዱ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች፣ በየሳጥኑ ምን እንደሚገባ፤ ይህ ሁሉ ከጥያቄዎ ጋር አብሮ ይቀርብለታል። አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ኤምሲፒ የተባለውን ክፍት የመገናኛ ደንብ ካወጣ ወዲህ አንዴ የተጻፈ መግለጫ ለተለያዩ ሞዴሎች ማገልገል ችሏል፤ ጉድለቱም አብሮ ይዞራል። ሰው የሆነ ፕሮግራመር መግለጫው ሲያደናግረው ሞክሮ ያያል፣ ካልሆነም ለጓደኛው ይደውላል። ሞዴሉ ግን ያልተጻፈውን ብዙ ጊዜ በግምት ሞልቶ ያልፋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ኮዱን ከመጻፍ ይልቅ ይህን አንድ ገጽ መጻፍ ይከብዳል፤ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ በጥድፊያ ነው።

ጥሩ መግለጫ በ«ዓመት» ሥር እንዲህ ይላል፦ «አራት አሃዝ፣ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር። ጠያቂው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተናገረ ከመሰለህ ሳትፈልግ በፊት ጠይቀው።» አበበን ለማግኘት ይህቺው ትበቃ ነበር።

የስም ሳጥን ከዚህ ይብሳል። የውጭዎቹ ቋቶች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይመዘግባሉ። «ዲባባ» ብሎ የፈለገ ኤጀንት ጥሩነሽን፣ ገንዘቤንና እጅጋየሁን ያገኛል፤ እነሱ እህትማማቾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ በማራቶን የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ማሬ ዲባባም አብራ ትመጣለች፤ እሷ ግን እህታቸው አይደለችም። «የአባት ስም ስለተመሳሰለ ዝምድና አትገምት፤ በአትሌቷ መለያ ቁጥር ፈልግ» ካልተባለ ማሬን ከዚያ ቤት ልጆች ጋር ይቆጥራታል።

ተመልሶ የሚመጣው መረጃም መፍቻ ይፈልጋል። ያልተጀመረ ጨዋታ «0 ለ 0» ሆኖ ከመጣ ኤጀንቱ አቻ ወጡ ይላል። የ2022 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ 3 ለ 3 ነበር፤ አርጀንቲና ፈረንሳይን በመለያ ምት 4 ለ 2 መርታቷ በየትኛው ሳጥን እንደተቀመጠ ያልተነገረው ኤጀንት ዋንጫውን ባለቤት ያሳጣዋል። የሴቶች ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ ወንዶችም በሚሮጡበት ውድድርና በሴቶች ብቻ ውድድር የሚመዘገብ። ትዕግስት አሰፋ ሁለቱንም ሰብራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ የመጀመሪያውን በ2፡11፡53፣ በ2025 ለንደን ላይ ሁለተኛውን በ2፡15፡50። ልዩነቱ ካልተጻፈለት፣ ኋላ የመጣው ሰዓት ከፊተኛው የዘገየ ስለሆነ ኤጀንቱ ስህተት መስሎት ሊጥለው ይችላል።

ሰዓት ለእኛ ሁለት ጊዜ ይታረማል። በክረምታቸው እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ የሚደረግ ጨዋታ በቋቱ ላይ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት «15፡00 ዩቲሲ» ተብሎ ይቀመጣል። ለአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ሲደመርበት 18፡00 ይሆናል፤ እኛ ይህን ከምሽቱ 12 ሰዓት እንለዋለን። መግለጫው ሰዓቱ በዩቲሲ መሆኑን ብቻ ከነገረው ኤጀንቱ የመጀመሪያውን እርማት ያደርግና «ጨዋታው 6 ሰዓት ላይ ነው» ይላል፤ አምኖት በቀኑ 6 ሰዓት ቴሌቪዥን የከፈተ ደጋፊ ጨዋታው እስኪጀመር ስድስት ሰዓት ይጠብቃል።