የቤት ውስጥ የቆዳ ቅባትና የፒኤች ልኬት
ፒኤች የውኃማ ነገሮች አሲድነት ወይም አልካላይነት የሚለካበት፣ ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው መለኪያ ሲሆን፣ 7 ገለልተኛ ሆኖ የአንድ ቁጥር ልዩነት የአሥር እጥፍ ለውጥ ያመለክታል። የጤናማ ቆዳ ፒኤች በአብዛኛው ከ4.5 እስከ 5.5 ስለሆነ፣ በቤት የሚዘጋጅ ውኃ ያለበት ቅባት ከዚሁ ጋር ቢቀራረብ ይመረጣል፤ ለዚህም በውኃ የሟሟ ሲትሪክ አሲድ በጠብታ እየተጨመረ፣ እየተማሰለና በመለኪያ ወረቀት እየታየ ይስተካከላል። የሎሚ ጭማቂ ግን ጥንካሬው ከፍሬ ወደ ፍሬ ስለሚለያይ አይመከርም። ሶዲየም ቤንዞኤትን የመሰለ የብልሽት መከላከያ ፒኤቹ ከ5 በላይ ሲሆን ኃይሉ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ልኬቱ ከውበት ይልቅ የጤና ጉዳይ ነው። ከዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ ሳሙና ግን ፒኤቹ በተፈጥሮው ከ9 እስከ 10 ገደማ በመሆኑ፣ አሲድ በርከት ብሎ ሲጨመርበት ወደ ቅባት አሲድ ተመልሶ ሳሙናነቱን ያጣል።