ከመርከቡ በፊት፣ በካሜራው ፊት፦ ራስን በራስ መመርመር እንዴት ይታመናል?

እንበልና ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2022 መጀመሪያ ነው። አሜሪካ፣ ማያሚ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ተቀምጣችኋል። ነገ ከሰዓት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በሚሄድ ክሩዝ መርከብ ትሳፈራላችሁ። ሻንጣችሁ ውስጥ ከቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ትንሽ ካርቶን አለ፤ የኮቪድ መመርመሪያ ነው። ላፕቶፓችሁን ትከፍታላችሁ፣ የማታውቁት ሰው በቪዲዮ ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚያየው ፊታችሁን ሳይሆን ካርቶኑን ነው። ካርቶኑ ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ምርመራው ላይቀጥል ይችላል።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? መመርመሪያው ፋርማሲ የሚሸጠው ነው። ብቻችሁን ብትጠቀሙበትም ሰው እያያችሁ ብትጠቀሙበትም ውስጡ ያለው ኬሚስትሪ ቅንጣት አይቀየርም። ታዲያ አንዱን ውጤት መርከቡ ሲቀበል ሌላውን የማይቀበለው በምን ምክንያት ነው?

መጀመሪያ ካርዱን እንየው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ በሰፊው ያገለግል ከነበሩት አንዱ የአቦት ኩባንያ ባይናክስናው ነው። እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ጠንካራ ወረቀት ነው። ላይኛው ቀዳዳ ላይ 6 ጠብታ ፈሳሽ ትጨምራላችሁ። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለውን ዘንግ በሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳዎች ውስጥ ደጋግማችሁ ታሽከረክራላችሁ። ከዚያ ዘንጉን ከታች በኩል ከትታችሁ ወደ ላይ ትገፉትና ሦስት ጊዜ አዙራችሁ ካርዱን ትዘጋላችሁ። ከዚያ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው።

በነዚያ 15 ደቂቃዎች ፈሳሹ፣ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው፣ በወረቀቱ እየተሳበ ይጓዛል። እንዲህ ባሉ መመርመሪያዎች መንገዱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት በጣም ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ናቸው። እውነተኛ ወርቅ! ግን በናኖሜትር ወደሚለካ መጠን ሲወርድ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ቀይ ሆኖ ይታያል። ቅንጣቶቹ ላይ የቫይረሱን ፕሮቲን ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ተለጥፈዋል። ፕሮቲኑ ካለ አብረው ተያይዘው ይሄዱና ወረቀቱ ላይ በተሰመረ ሌላ የፀረ እንግዳ አካል መስመር ይያዛሉ። እዚያ ተከማችተው በዓይናችን የምናየውን መስመር ይሠራሉ። የመቆጣጠሪያው መስመር ደግሞ ባይናክስናው ላይ ከምርመራው በፊት ሰማያዊ ነው፤ ወደ ሮዝ ካልተለወጠ ምርመራው ጭራሽ አልሠራም ማለት ነው።

እኛ ጋ በገጠር ጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ወባን የሚለዩበት ፈጣን መመርመሪያም በዚሁ መርህ ይሠራል፣ ናሙናው የደም ጠብታ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ግን እዚያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ናሙና የምትወስደው የሠለጠነች ባለሙያ ናት፣ የማን ጣት እንደሆነ በዓይኗ ታያለች፣ ውጤቱንም ራሷ ታነባለች። ሆቴል ክፍላችሁ ውስጥ ይሄ ሥራ ለሁለት ተከፍሏል፤ እጁ የእናንተ ነው፣ ዓይኑ ግን የተቆጣጣሪው።

በምህንድስና የመለኪያ መሣሪያ ጥሩ መሆኑ ብቻ ልኬቱን ጥሩ አያደርገውም፤ ወደ መሣሪያው ምን እንደገባም ማወቅ አለብን። እዚህ ደግሞ ይህ ነጥብ ከባድ ነው። ፒሲአር ትንሽ ቁራጭ የዘረመል ንጥረ ነገር አግኝቶ በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛል፤ በትክክል እየተባዛ ከሄደ በ30 ዙር አንዷ ቁራጭ ወደ አንድ ቢሊዮን ትደርሳለች። የአንቲጅን ካርድ ምንም አያባዛም። ጥጡ ያመጣለትን ብቻ ነው የሚያየው። ሰው ደግሞ የራሱን አፍንጫ ሲነካ ያዝናል፤ ጫፉን ዳሰስ ያደርግና "በቃ" ይላል። ተቆጣጣሪው "ገና ነው፣ ግድግዳውን እየነካ አዙረው" የሚለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ትንሽ ያሳፍራል፤ መዋሸት። የመርከቡም የአውሮፕላኑም ትኬት ተከፍሏል፣ ፖዘቲቭ ውጤት ደግሞ ጉዞውን ያስቀራል። በዚህ ሁኔታ የወንድምን አፍንጫ መዋስ የሚያምረው ሰው አይጠፋም። ስለዚህ መታወቂያ ካሜራ ላይ ይታያል፣ የካርቶኑ ኮድ ይመዘገባል፣ ካርዱም ከዕይታ እንዲወጣ አይፈቀድም። ሰዓቱም አብሮ ይያዛል። ከ30 ደቂቃ በኋላ መነበብ የለበትም፤ ዘግይቶ የሚወጣ መስመር ሊያሳስት ይችላል።

ተቆጣጣሪው የማያየው ነገርም አለ። ካርቶኑ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለበት። ፍሎሪዳ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግማሽ ቀን ረስታችሁት ከነበረ በካሜራ አይታወቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገን ማየት አይችልም። ትናንት የተያዘ ሰው ዛሬ አፍንጫው ውስጥ የሚታይ ቫይረስ ላይኖረው ይችላል፤ በትክክል ተመርምሮ፣ በትክክል ኔጌቲቭ ሆኖ፣ መርከቡ ላይ ይታመማል። አሜሪካ ለሚገቡ የአውሮፕላን መንገደኞች በጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) የ3 ቀን ገደብ አውጥታ፣ ኦሚክሮን ሲመጣ ከታኅሣሥ 6 ቀን 2021 ጀምሮ ወደ 1 ቀን ያሳጠረችው የዚህን ክፍተት ስፋት ለመቀነስ ነበር።

ለማስላት እንዲመቸን ቁጥር ልፍጠር። 3,000 መንገደኞች አሉ፣ 30ዎቹ ተይዘዋል፣ ካርዱ ከ10 ተያዥ 7ቱን ይለያል እንበል። 21 ሰው ይቀራል፣ 9 ሰው ከነቫይረሱ ይሳፈራል። ከ1,000 ጤነኛ 5ቱን በስህተት ፖዘቲቭ የሚል ከሆነ ደግሞ ወደ 15 ጤነኛ ሰዎች አብረው ይቀራሉ። ከቀሩት 36 ሰዎች 15ቱ ምንም የለባቸውም ማለት ነው! ፖዘቲቭ የወጣበት ሰው በፒሲአር ይደገምልኝ ቢል ምክንያታዊ ነው።

ዘጠኙ ሰዎችስ? ዳይመንድ ፕሪንሰስ በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ዮኮሃማ ወደብ ላይ ለይቶ ማቆያ ስትሆን 3,711 ሰዎች ነበሩባት፤ 712ቱ ተያዙ። ከነዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሲመረመሩ የሕመም ምልክት አልነበራቸውም። ለዚህ ነው በኋላ መርከቦቹ ወደ ሥራ ሲመለሱ የወደቡን ወረቀት ብቻ አምነው ያልተጓዙት፤ መርከቡ ላይም መመርመሪያ ነበር፣ ለታመሙ ሰዎች ባዶ የተተዉ ክፍሎችም ነበሩ።