የመብራት ቢሉን አትጣሉት

እስቲ አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ቦታው ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ የሚባለው አውራጃ ነው። ቤቱ የድንጋይ፣ መንደሩ ጸጥ ያለ፣ ጊዜው ደግሞ እ.ኤ.አ. 2020 ሊያልቅ ሲል። ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ የጫማ ካርቶን ዘርግፈው፣ ወረቀት ያገላብጣሉ። የሚፈልጉት ኑዛዜ አይደለም፤ የባንክ ደብተርም አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት የመጣ የመብራት ቢል ነው።

ባልና ሚስቱን ለምሳሌ ያህል ነው ያመጣናቸው። ችግሩ ግን በእውነት የብዙ ሰው ችግር ነበር። እኛ ስደተኞች ወረቀት ይዞ መንከራተት የእኛ ዕጣ ብቻ ይመስለናል። መሥሪያ ቤት በር ላይ ስንሰለፍ «ምነው ፓስፖርቴ ሌላ በሆነ» የማንል ስንቶቻችን ነን? የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ጠንካራ የሚባለው ፓስፖርት እንኳ አንድ ቀን ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል። ያን ቀን የሚደርስላችሁ፣ ዋጋ የለውም ብላችሁ ልትጥሉት የነበረው ወረቀት ነው።

ያለ ወረቀት የኖሩት

በፈረንሳይ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ የብሪታንያ ዜጎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ ገጠሩን ወደው የገቡ ናቸው፤ የቤቱ ዋጋ ከለንደን ጋር አይወዳደርም። አገራቸው የአውሮፓ ኅብረት አባል በነበረችባቸው የመጨረሻ ዓመታት የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድዳቸው አልነበረም። ሻንጣቸውን ይዘው መጡ፣ ቤት ገዙ፣ ኖሩ። በቃ።

ጁን 23 ቀን 2016 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ብሪታንያ ከኅብረቱ ወጣች፤ የመሸጋገሪያው ጊዜም በዲሴምበር 31 አበቃ። ከዚያ ቀን በፊት በሕጋዊ መንገድ ይኖሩ የነበሩት መብታቸው በስምምነቱ ተጠበቀላቸው። ግን ዝም ብሎ አይደለም፤ አመልክቶ ካርድ ማውጣት ግዴታ ሆነ። ማመልከቻው በኢንተርኔት የሚሞላ፣ ክፍያ የሌለው ነበር። የመጨረሻው ቀን መጀመሪያ ጁን 30 ቀን 2021 ተብሎ፣ በኋላ እስከ ሴፕቴምበር 30 ተራዘመ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ካርዱን መያዝ የግድ ሆነ።

አምስት ዓመት መኖሩን ማስረዳት የቻለ የአሥር ዓመት ካርድ ተሰጠው። ከዚያ በታች የኖረው መተዳደሪያውን ጭምር እንዲያሳይ ተጠየቀ። የጫማ ካርቶኑ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዳቦ ቤቱ ያውቃቸዋል፤ ጎረቤቱ ለገና ወይን ያመጣላቸዋል። ማመልከቻው የሚለው ግን «በየዓመቱ እዚህ እንደነበርክ የሚያሳይ ወረቀት አምጣ» ነው። ቢሉ በባል ስም ብቻ ይመጣ ከነበረ ደግሞ፣ ሚስት በዚያው ቤት መኖሯን በሌላ ወረቀት ማሳየት አለባት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶቻችን አባባል ለእነሱ የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይሄ ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ መብራትና ውኃ በባልም በሚስትም ስም ይሁን። ወጪ የለውም፤ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል።

ዶሴ ዶሴን ይወልዳል

በአማርኛችን «ዶሴ» የምንለው ቃል የፈረንሳይኛ ነው። ቃሉ ወደ እኛ ቢመጣም ጌትነቱ ገና እዚያው ነው። አንዱ ወረቀት ሌላውን ይጠይቃል። የመብራት ውል ለመዋዋል የባንክ ሂሳብ፣ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት አድራሻ፣ አድራሻ ለማስረዳት ደግሞ የመብራት ቢል! ያውም ከሦስት ወር ያልበለጠው። መውጫው ግን አለ። የሰው ቤት ያረፈ ሰው፣ ባለቤቱ «እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው» ብሎ ፈርሞ፣ የመታወቂያውን ቅጂና የራሱን ቢል አያይዞ ይሰጠዋል። ይህ ወረቀት ቀላል ቢመስልም የክብር ቃል ስለሆነ፣ ያልኖረን ሰው ኖሯል ብሎ መፈረም እስከ አንድ ዓመት እስራትና 15 ሺህ ዩሮ ቅጣት ያመጣል። ለዘመድም ቢሆን አታድርጉት።

እንግሊዞቹን በጣም የሚያበሳጨው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። «ከሦስት ወር ወዲህ የወጣ አምጣ» ሲባሉ፣ «እኔ የተወለድኩት አንድ ጊዜ ነው፣ በየሦስት ወሩ አልወለድም» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ግን ምክንያት አለው። በፈረንሳይ የልደት መዝገብ እንደተከፈተ የሚኖር ገጽ ነው። ሰው ሲያገባ፣ ሲፈታ፣ ሲሞት ዳር ላይ ይጻፍበታል። ስለዚህ አዲስ ቅጂ የሚጠይቀው ሠራተኛ ልደታችሁን ተጠራጥሮ ሳይሆን፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብሎ ነው። የእኛም የእንግሊዞቹም ወረቀት እንዲህ አይደለም፤ አንዴ ወጥቶ ያበቃል። ይህን በትሕትና ማስረዳት አንዳንዴ ከጭቅጭቅ ያድናል።

ትርጉም ሲያስፈልግ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚችል ጓደኛ አይበቃም። የፈረንሳይ ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ቃለ መሐላ የፈጸሙ ተርጓሚዎችን ዝርዝር ይዘዋል፤ መምረጥ ከዚያ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ሰነዱ መጀመሪያ በሌላ መሥሪያ ቤት መረጋገጥ ይኖርበት እንደሆነ ጠይቁ።

ስምና ልደት፦ የእኛ ጣጣ

እንግሊዛዊቷ ስታገባ የባሏን ስም ትወስዳለች። ፈረንሳይ ስትገባ ግን ደብዳቤው በአባቷ ስም ይመጣላታል። ከ1794 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ሰው የሚታወቀው በልደት መዝገቡ ባለው ስም ነውና፤ የባል ስም መጠሪያ ብቻ ነው። የእኛ እናቶች በዚህ አይቸገሩም፤ ድሮም ስማቸውን አይለውጡም።

እኛን የሚቸግረን ሌላ ነው። በአባት ፓስፖርት የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ አያት ወይም ቅድመ አያት ይገባል፤ በልጅ ላይ ደግሞ ሌላ። ሠራተኛው አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ ስም ይዘው ሲመጡ «ዘመዳሞች ናችሁ ወይ?» ቢል አይገርምም። የወላጆች ስም ያለበት የተተረጎመ የልደት ወረቀት ያኔ ያግዛል። ተርጓሚው ስሙን በራሱ መንገድ ሳይሆን ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል፣ አንድም ሳይለውጥ እንዲጽፍ ንገሩት።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988 ነው ልደቷ። አንዱ ወረቀት ላይ 1981፣ ሌላው ላይ 1988 ከገባ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ሆነች ማለት ነው። የፈረንሳይ ማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ደግሞ የሚሠራው ከልደት ቀን ነው። መጀመሪያ የተሳሳተ ነገር እስከ ጡረታ ሊከተላችሁ ይችላል። ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ቀኑን ሁለቴ እዩ።

ገቢ ባይኖርም ግብር አስታውቁ

«እኔ ምን ገቢ አለኝና ግብር አስታውቃለሁ?» የሚል ሰው አለ። በየጸደዩ ገቢያችሁን አስታውቁ፣ ዜሮም ቢሆን። በምላሹ የሚመጣው የግብር ማስታወቂያ ወረቀት ከመብራት ቢሉ ቀጥሎ በጣም የሚፈለግ ነው። ለቤት ማመልከቻ፣ ለተለያየ ድጎማ፣ በብዙ ቦታም የልጆች የትምህርት ቤት ምሳ በስንት ይከፈል የሚለውን ለመወሰን ይጠየቃል። ውጭ አገር ያለ የባንክ ሂሳብም በየዓመቱ ይገለጻል። ለንደን ትቶት የመጣውን አሮጌ ሂሳብ የረሳ እንግሊዛዊ በእያንዳንዱ ሂሳብ 1,500 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። አዲስ አበባ ያለች የቁጠባ ደብተርም ከዚህ ሕግ አታመልጥም።

ገጠር ሆኖ ማን ይረዳል?

ፈረንሳይ ወደ 35 ሺህ የሚሆኑ ማዘጋጃ ቤቶች አሏት። የትንሽ መንደር ማዘጋጃ ቤት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ጸሐፊዋ ግን ማን የት እንደሚኖር ታውቃለች። ስትገቡ ከሁሉ በፊት «ቦንዡር» በሉ። ሰላምታ ሳይሰጡ ወደ ጉዳይ መግባት እዚያ አገር እንደ ንቀት ነው። ይሄ ለእኛ ለሐበሾች አዲስ ትምህርት አይደለም።

«ፍራንስ ሰርቪስ» የሚባሉ ነፃ ማዕከላት አሉ፤ ከ2,500 በላይ ናቸው። ሲቋቋሙ ዓላማቸው ማንም ሰው ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይርቅ ነበር። የጤና መድን፣ የቤተሰብ ድጎማ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ የሥራ ፍለጋ ጉዳይ በአንድ ጠረጴዛ ያግዟችኋል። ኮምፒውተር የማትችሉም ብትሆኑ አብረዋችሁ ይሞላሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ እሸጣለሁ ለሚላችሁ ግን ጆሮ አትስጡ፤ ቀጠሮ በነፃ ነው።

ሦስት ነገር ደግሞ አስታውሱ።

አንደኛ፣ ከባድ ጉዳይ በአደራ ደብዳቤ ይላክ። ተቀባዩ ፈርሞ የሚመለሰው ቁራጭ ወረቀት ምስክራችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ዝምታ ትርጉም አለው። የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ አራት ወር መልስ ካጣ፣ በሕግ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። «ይመጣል» እያላችሁ አትቀመጡ፤ ይግባኝ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው።

ሦስተኛ፣ መሳሳት ወንጀል አይደለም። ከኦገስት 2018 ጀምሮ በቅን ልቦና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳሳተና ያረመ ሰው በመርህ ደረጃ አይቀጣም። መሥሪያ ቤት በደል ካደረሰባችሁ «ዴፋንሰር ዴ ድርዋ» የሚባል ገለልተኛ ተቋም በየአውራጃው ተወካይ አለው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ልጆቹስ?

ለአካለ መጠን ያልደረሰ የውጭ ዜጋ ልጅ በፈረንሳይ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ለእረፍት ወደ አገር ቤት ይዛችሁት ከመሄዳችሁ በፊት ግን «ዴሴኤም» የሚባለውን የመዘዋወሪያ ሰነድ አውጡለት፤ ሲመለስ ድንበር ላይ እንዳይቸገር።

ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደ ልጅ ደግሞ ዛሬ ባለው ሕግ፣ ከ11 ዓመቱ ወዲህ ቢያንስ አምስት ዓመት እዚያ ከኖረና 18 ሲሞላውም እዚያው ካለ፣ ዜግነት ያገኛል። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ራሱ፣ ከ13 ጀምሮ ደግሞ ከ8 ዓመቱ ወዲህ እዚያ ከኖረ ወላጆቹ ሊጠይቁለት ይችላሉ። ኖሮ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በየዓመቱ ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው የተማሪነት ወረቀት! እንግዲህ የእንግሊዞቹ የመብራት ቢል ለእኛ ልጆች ይሄ ነው። ደብተር ውስጥ ተጨማዶ እንዳይቀር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጁ ፈረንሳይኛ ስለቻለ ብቻ የቤቱ ጸሐፊ አታድርጉት። የአሥር ዓመት ልጅ የአባቱን ዕዳ ወይም የእናቱን ሕመም ለሠራተኛ መተርጎም የለበትም። ለዚያ ፍራንስ ሰርቪስ አለ፣ ትልቅ ሰው አለ።

ለልጆች፦ ቁጥሩን ፍቱ

የእማማን የጤና ካርድ ተመልከቱ። 2 88 09 99 ብሎ ቢጀምር ምን ማለት ነው? 2 ሴት ናት ማለት ነው፤ ወንድ ቢሆን 1 ነበር። 88 የተወለደችበት ዓመት፣ 09 ወሩ፣ 99 ደግሞ ከፈረንሳይ ውጭ መወለዷን ይናገራል። የአባባን እናንተ ፍቱ።

ምን ይቀመጥ?

የመብራት ቢል፦ አምስት ዓመት። የግብር ወረቀት፦ ቢያንስ ሦስት ዓመት። የደመወዝ ወረቀት፦ ጡረታ እስክትወጡ። ዲፕሎማ፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት፦ ዕድሜ ልክ። እኛ የምንጨምረው፣ ዜግነት እስክታገኙ ድረስ ለእያንዳንዱ ዓመት ስማችሁና አድራሻችሁ ያለበትን ጥቂት ወረቀት በፍጹም አትጣሉ። በስልክም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ያሰብናቸው ባልና ሚስት ቢሉን አገኙት እንበል፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሃል ገብቶ። ሚስትየዋ በእጇ ጠፍጠፍ አድርጋ አስተካክላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። 43 ዩሮ ይላል፤ የተከፈለም ቆይቷል። በማግስቱ ባልየው ከተማ ወርዶ አንድ ወፍራም ፋይል ገዝቶ መጣ። እናንተ ግን ያን ያህል አትጠብቁ፤ ፋይሉን ዛሬውኑ ግዙ።