ገንፎ ጤና ጣቢያ እንዴት ገባ?

በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተገላገሉት እናቶች ከመቶ አሥር ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ቤት የወለዱት ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 61 በመቶዎቹ «አያስፈልግም»፣ 30 በመቶዎቹ ደግሞ «አልተለመደም» አሉ። ቅጹ ላይ ምልክት ተደረገ፤ ጥያቄው እዚያው ተዘጋ። ከእንዲህ ያለ መልስ የሚወጣው ዕቅድ ደግሞ የታወቀ ነው፦ ሕዝቡ ግንዛቤ ስለሚጎድለው እናስተምረው። በእኔ እምነት ግን «አያስፈልግም» የጥያቄ መነሻ እንጂ መልስ አይደለም።

ተመራማሪዎች በአማራ ክልልም ሆነ በሌላው ገጠር ከእናቶች፣ ከአማቶችና ከልምድ አዋላጆች ጋር ቁጭ ብለው ሲያወጉ ሌላ ነገር ወጣ። ቤቷ ያለች ምጥ የያዛት ሴት ተንበርክካ ታምጣለች፤ ጎረቤት ወገቧን ይይዛታል፣ «ማርያም ማርያም» ይባልላታል፣ ስትገላገል ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ በጀርባዋ ተኝታ፣ በማታውቀው ሰው ፊት ተገላልጣ ትወልዳለች፤ እናቷ ደጅ ቀርታለች። በዚህ ላይ የመንገዱ ነገር አለ። ለምሳሌ በአማራ ክልል ከሽንዲ ከተማ ዙሪያ ቀበሌዎች አንዲት ወላድ በወሳንሳ ወጥታ፣ ከጤና ጣቢያ በሪፈር ቡሬን አልፋ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስትደርስ ማን እንደሚያስታምማት፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን እንደሚያበላ አስቡት። «አያስፈልግም» ማለት ለብዙዎቹ «እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ» ማለት ነበር። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ መገንፋት፣ ቡና ማፍላትና የእናቶች ማቆያ ቤት መሥራት የተጀመረው ይህ ከታወቀ ወዲህ ነው። በተቋም የሚወልዱት በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደረሱ።

ለውጡን ያመጣው ገንፎ ሳይሆን አምቡላንስ፣ መንገድና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ነው የሚል አይጠፋም። ድርሻቸው ትልቅ መሆኑ አያከራክርም፤ ግን አምቡላንስም የሚሄደው ሲጠሩት ነው። ሠላሳ ሰው አነጋግሮ ስለ ሚሊዮኖች መናገር አይቻልም የሚሉትም ልክ ናቸው፤ ስንት ነው ለሚለው ቆጠራ አለ፣ ለምን ለሚለው ግን ቆጠራ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው የወሊድ መመሪያ እናት በመረጠችው አኳኋን፣ የመረጠችው ሰው አጠገቧ ሆኖ እንድትወልድ ሲመክር የእናቶችን ቃል የሰበሰቡ ጥናቶችንም በማስረጃነት ወስዷል። የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ገበሬው ጋዋን ለለበሰ ሰው የሚወደውን እንጂ የልቡን አይነግረውም። ይሉኝታ አለ። መፍትሔው መጠየቅን መተው ሳይሆን ጠያቂውን መለወጥ ነው። የወረዳና የዞን ጤና ኃላፊዎች ቀጣዩን ዕቅድ ከማጽደቃችሁ በፊት ቤታቸው የወለዱትን እናቶች አነጋግሩ፤ የሚያነጋግራቸው ግን አገልግሎቱን የሚሰጠው ባለሙያ አይሁን።