ዘጠኙን ዘፈን ያመጣው ሰው

የካንትሪ ዘፋኙ የዌይለን ጄኒንግስ «ሆንኪ ቶንክ ሂሮስ» ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ባርኔጣውና ስለ ሽፍትነቱ፣ ማለትም ስለ «አውትሎው» ስሙ ነው። ጠጋ በሉ፣ የውስጡን ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው በዚህ አልበም ካሉት አሥር ዘፈኖች በዘጠኙ ላይ የአንድ ሰው እጅ አለበት። ያ ሰው ደግሞ ከስቱዲዮው ደጅ ገንዘብ ተሰጥቶት ሊሸኝ ተቃርቦ ነበር።

በዚያ ዘመን የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ በሆነችው ናሽቪል ውስጥ ዘፋኝ በሥራው ላይ አያዝም። ዘፈኑን የአሳታሚ ኩባንያው ፕሮዲዩሰር ይመርጥለታል። በኩባንያው ስቱዲዮ በሦስት ሰዓት ፈረቃ ሦስት አራት ዘፈን ይቀረጻል። የሚጫወቱት ገና አንዴ ሲሰሙ የሚገባቸው የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ናቸው። ቫዮሊኑና ተቀባዮቹ ኋላ ይደረቡበታል። ከዘፋኙ ጋር በየመሸታ ቤቱ ሲጫወት የሚያነጋው ባንድ፣ ቀረጻ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ይህን አሠራር ያደላደሉት እነ ፕሮዲዩሰር ቼት አትኪንስ ናቸው፤ ድንቅ ዘፈኖችም ወጥተውበታል። የዌይለን ሻካራ ድምፅ ግን በዚያ ሁሉ ልስላሴ ውስጥ ይሰጥም ነበር።

በ1972 ዌይለን ጉበቱን ታሞ ተኛ። በዚያው ሰሞን ኒል ሬሸን የሚባል፣ የጃዝ ሙዚቀኛውን የማይልስ ዴቪስንም ጉዳይ የሚይዝ የኒውዮርክ ሥራ አስኪያጅ አገኘ። የዌይለን አሳታሚ የሆነው አርሲኤ ኩባንያ ዘፋኙ ዊሊ ኔልሰን አምልጦታል፤ ሌላ ሰው እንዲያመልጠው አልፈለገም። ሬሸን ይህን ተጠቅሞ ውሉን አስቀየረ። ዌይለን በገዛ ሥራው ላይ የመወሰን መብት አገኘ።

አሁን ወደ ደጁ እንመለስ። እዚያ የቆመው የዘፈን ደራሲው ቢሊ ጆ ሼቨር የቴክሳስ ሰው ነበር፤ የቀኝ እጁን ጣቶች በከፊል እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ አጥቶ፣ በቀሩት ጊታር ይመታ ነበር። በ1972 ቴክሳስ ውስጥ ድሪፒንግ ስፕሪንግስ በተደረገው ትልቅ ኮንሰርት ላይ፣ አንድ ተጎታች ቤት ውስጥ ዘፈኑን ሲጫወት ዌይለን ሰማውና ሥራዎቹን እንደሚዘፍንለት ቃል ገባለት። ሼቨር ያን ቃል ይዞ ናሽቪል ሄደ። ለወራት ተከታተለው፤ ዌይለን ግን አልጨበጥ አለ። በመጨረሻ ስቱዲዮው ድረስ ሄደ። ሼቨር ዕድሜውን ሙሉ እንዳወራው፣ ዌይለን ወዳጁን የመቶ ዶላር ኖት አስይዞ ላከበት፤ ይህን ይዞ ይሂድልኝ ነው ነገሩ። ሼቨር ብሩን አልነካም። ሰው ሁሉ እያየ፣ ዘፈኖቼን ካልሰማህ እዚሁ እንደባደባለን አለው። ዌይለን አንድ ዘፈን ፈቀደለት፤ ካልወደድኩት ትሄዳለህ በሚል ውል። አንዱ ሌላውን እየጠራ አልበሙ ከዚያ ወጣ።

እኔ ለዚህ አልበም ያለኝ ፍቅር የሚመነጨው ከዚህ ነው። ዌይለን ስንት ዓመት የታገለለትን የመምረጥ መብት ባገኘ ማግስት፣ ብዙ ሰው በማያውቀው ሰው ግጥምና ዜማ ላይ አዋለው። ከዚህ የበለጠ ሽፍትነት አላውቅም።

ሰላም ግን አልወረደም። የአልበሙን ርእስ የያዘው ዘፈን ቀስ ብሎ ይጀምርና መሐል ላይ ምቱ ይፈጥናል። ዌይለን በክፍል በክፍል ሲቀርጸው ሼቨር ዘፈኔን አበላሸህብኝ ብሎ ስቱዲዮ ውስጥ ተጣላው። ቢጣላ አይፈረድበትም፤ እናቱ በቴክሳሷ ዌኮ ከተማ አካባቢ መሸታ ቤት ትሠራ ነበር፣ በልጅነቱ እዚያ ያያቸው ሰዎች ናቸው በዘፈኑ ውስጥ ያሉት። ምቱ የሚለወጥበትን ቦታ ስትሰሙ ግን ዌይለን ትክክል እንደነበር ትረዳላችሁ። ከምርጥ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ጎን የራሱ ድራመር ሪቺ አልብራይትና የፔዳል ስቲል ጊታሩ ጌታ ራልፍ ሙኒ አሉ፤ ድምፁን የሚሸፍን ጭነት የለም።

ሽያጩ የመጣው ኋላ ነው። በአሜሪካ የፕላቲነም ዕውቅና ያገኘው የመጀመሪያው የካንትሪ አልበም የ1976ቱ «ዋንትድ! ዘ አውትሎውስ» ሲሆን፣ አብዛኛው ቀድሞ ከተቀረጸ ሥራ የተለቀመ ነው። ኩባንያው «አውትሎው» የሚለው ስም ገበያ እንዳለው ሲገባው መጋዘኑን ከፈተ። ዌይለንን በዚያ አልበም ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ዋናው ሥራ አልፏቸዋል።

አንድ ምክር ልጨምር። በዚያው በ1973 ሼቨር በክሪስ ክሪስቶፈርሰን ፕሮዲዩሰርነት የራሱን የመጀመሪያ አልበም አውጥቷል፤ «ኦልድ ፋይቭ ኤንድ ዳይመርስ ላይክ ሚ» ይባላል። በሁለቱም አልበሞች ያለውን «ብላክ ሮዝ»ን አስቀድማችሁ ከእሱ አንደበት፣ ቀጥሎ ከዌይለን ስሙት።