ከባሕር ዳር አሸዋ የወጣ ዝና

በጅቡቲ ከተማ የባሕሩን ዳር ተከትሎ ለሚሄድ ሰው፥ ጨውና አሸዋ የወረሰው መሬት የመርከብ ማራገፊያ ወይም መጋዘን ካልሆነ በቀር ዋጋ ያለው መስሎ አይታየውም። በስኮትላንድ ግን እንዲህ ያለው ለእርሻ የማይረባ መስክ፥ ዝናቡ ሣር ስለሚያለብሰው፥ «ሊንክስ» ተብሎ የጎልፍ ጨዋታ መናገሻ ሆኗል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 በፕረስትዊክ የመጀመሪያው የ«ኦፕን» ሻምፒዮና ሲደረግ የተወዳደሩት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ ነው።

በሰሜን ርቃ በምትገኘው በዶርኖክ ይህ ውድድር ተደርጎ አያውቅም። ስሟን በአሜሪካ ያስጠራው ብዕር ነው፤ ይኸውም ኸርበርት ዋረን ዊንድ በ1964 «ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ነው። (የቤተ ሰቡ ስም «ነፋስ» ማለት መሆኑ ለጉዳዩ የተስማማ ነው።) ከዚያ ወዲህ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ተጫዋቾች በዝተው ለትንሿ ከተማ ገበያ ሆኑላት።